ከጎጃም ወደ ውጭ አገር ለሚጓዝ ሰው፦ ስለ ፓስፖርትና መታወቂያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ላይ ፎርም ስሞላና ማመልከቻ ስጽፍ ስለምውል፣ በየቀኑ የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

የቀበሌ መታወቂያ አለኝ፣ ፋይዳም ተመዝግቤያለሁ። ከአገር ለመውጣት እነዚህ አይበቁም?

አይበቁም። የቀበሌ መታወቂያ የሚያገለግለው አገር ውስጥ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመብረር ይሆናል፣ ድንበር ግን አያሻግርም። ፋይዳም እንደዚሁ። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር ሰውየው በአሻራውና በዐይኑ ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ግን ፋይዳን የነዋሪ መታወቂያ እንጂ የዜግነት ማስረጃ አላደረገውም። በሌላ አገር ፊት «ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው» ብሎ የሚመሰክርልዎ ፓስፖርት ነው።

«ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም» የሚለውን ሰምተው መታወቂያ ብቻ ይዘው በሞያሌ ለመሻገር የሚያስቡ አሉ። ቪዛ አለመጠየቅና ፓስፖርት አለመጠየቅ ለየቅል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት ለማውጣት ምን ይዤ፣ የት ልሂድ?

የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጊዜው ያላለፈ የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ ይዘው ይነሡ። ፓስፖርት የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ማመልከቻው በኦንላይን ይሞላል፣ የሚቀርቡበት ቅርንጫፍና ቀን ይመረጣል፣ ክፍያ ይፈጸማል። በቀጠሮው ቀን ኦርጅናል ሰነዶችን ይዘው ራስዎ ይቀርባሉ፤ አሻራና ፎቶ እዚያው ይነሣሉ። ስለዚህ «ወንድሜ ይሂድልኝ» አይሠራም።

ለአብዛኛው የጎጃም ሰው የሚቀርበው የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ነው። ከደጀን ለሚነሣ ግን ዐባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባቱ ይቀለዋል፤ ቅርንጫፍ ሲመርጡ ይህን ያስቡበት። መንገድ ሊዘጋ ይችላልና ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀር አይነሡ። ሁለትና ሦስት ቀን ቀድመው ዘመድ ቤት ቢያርፉ ይሻላል።

ፎቶ ሲነሡ ሻሽ ወይም ሒጃብ በእምነት ምክንያት ቢያደርጉ ችግር የለውም። ከግንባር እስከ አገጭ ፊት ግልጽ ብሎ መታየት አለበት።

የልደት ምስክር ወረቀት ኖሮኝ አያውቅም። የተወለድሁት ገጠር፣ ቤት ውስጥ ነው። ምን ይሻለኛል?

ብቻዎን አይደሉም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ማስረጃ የክርስትና ቀኑ ወይም የእናቱ ትዝታ ነው። አዋጁ ግን ያለፈውንም መመዝገብ ይፈቅዳል። የሚኖሩበት ቀበሌ የክብር መዝገብ ሹም (ልደትን የሚመዘግበው ሠራተኛ) ዘንድ መታወቂያዎን፣ ካለዎት የትምህርት ማስረጃ ወይም የክትባት ካርድ ይዘው ይቅረቡ፤ የሚያውቁዎ ምስክሮችም ሊጠየቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ሌላውን ሁሉ ተከትሎ ይሄዳልና ከሁሉም ወረቀት ይልቅ ይህን ተጠንቅቀው ያስጽፉ። ምስክር ወረቀቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሞላል። ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱንም ያንብቡ፤ ማንበብ ካልቻሉ የሚያነብልዎ ልጅ ይዘው ይሂዱ። ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ጊዜው 90 ቀን ነው። እርሱ ሳያልፍ የተመዘገበ ልጅ ኋላ ብዙ ደጅ ከመጥናት ይድናል።

ፓስፖርቴ ጊዜው ገና አላለቀም። «ስድስት ወር ይቀረው» የሚሉት ለምንድን ነው?

ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ለጉዞው ቀን ብቻ የሚበቃ እንዲሆን አይፈልጉም። ቢታመሙ ወይም ጉዞዎ ቢራዘም ጊዜው ያለፈ ሰነድ ይዘው እነርሱ አገር እንዳይቀሩ ይፈልጋሉ። ሳውዲ ዐረቢያና የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ስድስት ወር ይጠይቃሉ። የአውሮፓ የሼንገን አገሮች ስሌት ሌላ ነው፦ ፓስፖርቱ ከአካባቢው ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚቀረው፣ ከተሰጠ ዓሥር ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

ገጹ የተቀደደ ወይም ውኃ የገባበት ፓስፖርትም ቀኑ ባያልፍም አያስኬድም። ሳጥን ሥር ከቅቤ ቅል ጋር ተቀምጦ የፎቶው ገጽ የረጠበ ፓስፖርት አይቻለሁ፤ በራሪው ቀኑን ቆጥሮ ቲኬት ቆርጦ ነበር፣ ሳይሄድ ቀረ። በፌስታል ጠቅልለው፣ ሳያጥፉ፣ ከምግብ ነገር አርቀው ያስቀምጡት።

ቪዛዬ ተመትቶልኛል። ታዲያ ቦሌ ላይ ለምን ደግሞ ይመረምሩኛል?

ምርመራው ሁለት ነው። መጀመሪያ አየር መንገዱ ያያል፦ ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ይዞ ከሄደ ሊቀጣም፣ መንገደኛውን በራሱ ወጪ ሊመልስም ይገደዳልና። ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የጉዞውን ዓላማ ያያል። የጉብኝት ቪዛ ይዞ «ሥራ ልገባ ነው» የሚል ሰው እዚያ መቆሙ አይቀርም።

ቪዛ በስልክ ከተላከልዎ በወረቀት ያሳትሙት። የስልክ ባትሪ ማለቅ ቀላል ነገር ቢመስልም ሰው ከሰልፍ ያስወጣል።

«ቢጫ ካርድ ያዝ» ተባልሁ። የትኛውን ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ወረቀቶች ስላሉ ሰው ይምታታበታል። አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ ሳውዲ ዐረቢያ፣ ሕንድና ደቡብ አፍሪካን የመሳሰሉ አገሮች ከዚህ የሚሄድን ሰው ይጠይቁታል። ክትባቱ ከመብረርዎ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ በዋዜማ መወጋት ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ ከወሰዱ ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «በዓሥር ዓመት ይታደሳል» የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቷል። ለሐጅ የሚሄድ ወንድምና እኅት የማጅራት ገትር ክትባትም ይጨምራል።

ሁለተኛው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ይህ ለውጭ ዜጎች እንጂ ለእርስዎ አይሆንም፤ ታች እመለስበታለሁ።

ቲኬት ስቆርጥ «የቤተሰብ ስም» ይለኛል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ምን ልጻፍ?

ከራስዎ አይፈልስፉ፤ ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ይገልብጡ። የፎቶው ገጽ ግርጌ በምልክት የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ማሽን የሚያነበው እነርሱን ነው። የላይኛው መስመር «ፒ» በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምርና የኢትዮጵያ ባለ ሦስት ፊደል መለያ ይከተላል። ከመለያው ቀጥሎ ያለው ስም፣ ሁለት ተከታታይ የቀስት ምልክት እስኪደርስ፣ የቤተሰብ ስም የሚባለው ነው። ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው ደግሞ መጠሪያ ስም ነው። ቲኬቱም ላይ እንደዚያው ያስጽፉ።

የአባቱን ስም በአንዱ በረራ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው መጠሪያ ስም አድርጎ ያስጻፈ ሰው መንገድ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል። ስም ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል፣ አንዳንዴ አዲስ ቲኬት ያስቆርጣል። ቲኬት ቆራጩ ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው እያንዳንዷን ፊደል ቢያስነብቡት አያፍሩበት።

የልደት ቀኔን በፈረንጅ ስለውጥ ሰው ሁሉ የተለያየ ቀን ይነግረኛል። ትክክሉ የቱ ነው?

«ስምንት ዓመት ጨምር» ብቻ ብሎ ማስላት ነው የሚያሳስተው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7 ዓመት ይጨምራል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን የተወለደ 8። ቀኑና ወሩም ይለወጣሉ። ሚያዝያ 15 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ኤፕሪል 23 ቀን 1998 ነው፤ ፓስፖርቱ ታች ሁለተኛው መስመር ላይ 980423 ተብሎ ይታያል፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። መስመሩን እንደዚህ ማንበብ ከለመዱ ስሕተቱን መስኮቱ ላይ ሳሉ ያገኙታል።

ዘመነ ዮሐንስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይውላል። መስከረም 1 ቀን 1992 የተወለደች ልጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999 ናት። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል እንዳይሉ፤ የትምህርት ማስረጃው 11፣ ፓስፖርቱ 12 ካለ ኤምባሲ ማብራሪያ ይጠይቃል።

ስሜ በልደት ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ያስኬደኛል?

አያስኬድም ብለው ቢነሡ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ሰው የሚንገላታው በዚህ ነው፤ ረዘም አድርጌ የምመልሰውም ስለዚህ ነው።

አንደኛው ምክንያት የላቲን አጻጻፍ ነው። በእኛ አካባቢ «ኤ» የሚለውን ድምፅ አንዱ ጸሐፊ በአንድ የላቲን ፊደል፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። «ጸ» እና «ጠ» ላይም ልማዱ ይለያያል። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በእንግሊዝኛ ሦስት መልክ ይይዛል። ሁለተኛው ምክንያት የቤትና የትምህርት ቤት ስም መለያየት ነው፦ እናት አንድ ስም ታወጣለች፣ አያት በሌላ ይጠራሉ፣ አስተማሪው ሦስተኛውን መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ሦስተኛውና ከባዱ ጥምር ስም ነው። አንዲት እናት ከቢቸና መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ስምንት ላይ የታጠፈ የልደት ወረቀት አወጡ፤ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል። የልጃቸው አባት ስም «ወልደ ማርያም» ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ላይ በአንድ ላይ ተጽፏል። የልደት ወረቀቱን የሞላው ሰው ግን ለየው፤ «ወልደ» የአባት ስም ሆነ፣ «ማርያም» የአያት ስም ሆነች፣ እውነተኛው አያት ከወረቀቱ ወጡ። ልጁ ፋይዳ የተመዘገበው በካርዱ ነው። እናትየው «እመቤቴን የልጄ አያት አደረጓት ወይ?» አሉ፤ ማዘናቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ያ ልጅ ወረቀቱን ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላልሷል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የልደት ወረቀት፣ ከዚያ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከዚያ ፋይዳ፣ መጨረሻ ፓስፖርት። ከላይ ወደ ታች ካልሄዱ አንዱን ሲያቃኑ ሌላው ይጣመማል። የጸሐፊ ግድፈት ከሆነ ደጋፊ ማስረጃ ይዘው መዝገቡ ያለበት ክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ይጀምራሉ። ስሙን ራሱን መቀየር ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው፤ ውሳኔውን ከኦርጅናሉ ጋር ሁልጊዜ አብረው ይያዙ። ጥምር ስም ያለዎት ሁሉ አንድ ጊዜ ይወስኑ፦ ወይ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ይገጠም፣ ወይ በሁሉም ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፍ።

ሕፃን ልጄን ይዤ ልሄድ ነው። በእኔ ፓስፖርት ላይ ይመዝገብልኝ?

የራሱን ያውጡለት። የልጁ የልደት ወረቀት፣ የወላጆች መታወቂያና ፈቃድ ያስፈልጋል። አባት ወይም እናት ውጭ አገር ካሉ ባሉበት አገር ካለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ይላኩ፤ ውክልናው እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። «ልጄን ወደ ውጭ ለመውሰድ» የሚለው ቃል በግልጽ ይስፈርበት፤ ስለ ቤትና ስለ መሬት ብቻ የሚናገር ጠቅላላ ውክልና ለዚህ ላይሆን ይችላል።

ዐረብ አገር ለሥራ ልሄድ ነው። ከፓስፖርት ሌላ ምን ሊኖረኝ ይገባል? አሠሪዬ ፓስፖርቴን ቢቀማኝስ?

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው መሠረት ለሥራ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት መሙላት አለበት። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የተያዘና በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል የጸደቀ የሥራ ውል፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ደላላ «ውሉን እዚያ ትፈርሚያለሽ» ካለ እዚያው ያቁሙት። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ወንጀል ነው።

ፓስፖርት የራስዎ ነው፤ አሠሪ የሚይዘው ሰነድ አይደለም። ሳውዲ ዐረቢያ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌት በየሕጋቸው አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ ከልክለዋል። ቤት ውስጥ ተቆልፎ ያለ ሰው ሕጉን ይዞ መከራከር እንደሚቸግረው አውቃለሁ፤ ስለዚህ መጠንቀቅ ያለብን ከመሄድ በፊት ነው። የፎቶውን ገጽ፣ ቪዛውንና ውሉን ፎቶ አንሥተው ለእናት፣ ለእኅት፣ ለሚያምኑት ዘመድ ይላኩ። የፓስፖርት ቁጥሩን በቃል ይያዙት። እኔ ዘንድ የሚመጡ ልጆች ቁጥሩን ሳይሸመድዱ ከወንበሩ አይነሡም፤ ሦስት ጊዜ አስደግማቸዋለሁ።

ውጭ አገር ሳለሁ ፓስፖርቴ ቢጠፋ በምን እመለሳለሁ?

ለአካባቢው ፖሊስ አመልክተው ማስረጃ ይቀበሉ፤ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ። ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት ላይ አሉን። አዲስ ፓስፖርት እስኪደርስ መጠበቅ የማይችል ሰው ሊሴ ፓሴ ይሰጠዋል፤ ወደ አገር ቤት ብቻ የሚያስገባ፣ ለአንድ ጉዞ የሚያገለግል ወረቀት ነው። በእርሱ ሌላ አገር መሄድ አይቻልም። ዘመድ ዘንድ ያስቀመጡት የፎቶ ኮፒ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ልሳለም እፈልጋለሁ። ኋላ ሊባኖስ ለሥራ ብሄድ ችግር ይሆንብኛል?

ሊሆን ይችላል። ሊባኖስ የእስራኤል ጉዞ ምልክት ያለበትን ፓስፖርት አትቀበልም። እስራኤል ከዓሥር ዓመት በላይ ሆኗት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርት አትመታም፤ በምትኩ ትንሽ ካርድ ትሰጣለች። ግን ቪዛው ራሱ ገጹ ላይ ከተለጠፈ፣ ወይም ከግብፅ በታባ በኩል በየብስ ከገቡ የግብፁ ማኅተም ይናገራል። በኢየሩሳሌም ያለውን ገዳማችንን ዴር ሱልጣንን ለመሳለም የተመኙ እናት ይህን ብዬ አላስቀራቸውም፤ ልጃቸው ሊባኖስ ልትሠራ የምታስብ ከሆነች ግን ሁለቱን ጉዞ በአንድ ፓስፖርት እንዳታደርግ እመክራለሁ።

ልጄ የአሜሪካ ዜግነት ወስዷል። አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ጊዜው ስላላለፈ በእርሱ ቢመጣ ምን አለበት?

አይምጣበት። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ጥምር ዜግነት የለም። አሮጌውን ፓስፖርት ማሳየት ሕገ ወጥ ነው፣ ሲመለስም ያጋጨዋል።

ያለው መንገድ ሁለት ነው። ለአጭር ጊዜ በኢ-ቪዛ ይገባል። ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያውጣ፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሁለተኛው «ቢጫ ካርድ» ይህ ነው። ካርዱ ከውጭ ፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይታያል፣ ያለ ቪዛ ያስገባል። ምርጫ ላይ መሳተፍ ግን አይፈቅድም። ለማውጣት ኢትዮጵያዊ ትውልዱን የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል፤ ያ አሮጌ ፓስፖርት ለዚህ ይጠቅማልና አይጣለው።

ያኔ ደላላው ዕድሜዬን ጨምሮ፣ ስሜን ቀይሮ ፓስፖርት አወጣልኝ። ተመልሻለሁ። አሁን በእውነተኛው ስሜ ባወጣ ይታወቅብኛል?

ይታወቃል። ስም ይቀየራል፣ አሻራ አይቀየርም። እዚህም ያኔ የሰጡት አሻራ አለ፣ የተቀበሉዎ አገርም ሲገቡ ወስዷል። ሳውዲ ላይ ተይዘው የተመለሱ ከሆነ የመግቢያ ክልከላውም ከአሻራው ጋር ነው ያለው፤ አዲስ ስም አያነሣውም።

ከዚህ ጥያቄ ጋር የመጡት ብዙዎቹ ያኔ ልጆች ነበሩ፤ ወረቀቱን የሞላው ሌላ ሰው፣ የተጠየቁት እነርሱ። ስለዚህ ሳይደብቁ መቅረብን እመክራለሁ። መጀመሪያ እውነተኛውን የልደት ምዝገባ በቀበሌ ያስይዙ፣ የትምህርት ማስረጃዎን ይሰብስቡ፤ ከዚያ አሮጌውን ፓስፖርት ወይም ኮፒውን ይዘው ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩና የእርማት ማመልከቻ ያስገቡ። ማመልከቻው ላይ ስንት ዓመት ሳለዎ እንደሆነ፣ ሰነዱን ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጡና እንደተመለሱ በተርታ ይጻፍ። አዲስ አመልካች መስሎ መቅረብ ግን በአንድ አሻራ ሁለት ስም ያሳይብዎታል፤ ያኔ ተጠያቂው ደላላው አይሆንም።